ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይነሳም፦ አየር የሚጠጣ ፕሮፔለርን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስድስት ሰው ጭኜ ልነሳ ነው። ጠዋት ስለሆነ ጣና ጸጥ ብሏል። ነዳጅ ሰጠሁት። የጀልባው አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ሞተሩ ከበደውና አቃሰተ፤ ከዚያ ድምፁ ድንገት ቀጥኖ መጮህ ጀመረ። የዙር መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ተስፈነጠረ። ጀልባው ግን ባለበት ነው። ፍሪሲዮኑ ያለቀ ሚኒባስ ዳገት ሲይዝ አስቡት፤ ልክ እንደዚያ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት ዞር ብለው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ቆሞ ነው እንዴ የሚጮኸው?" አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ሳምንት አዲስ ፕሮፔለር ገዛሁ። ችግሩ እዚያው። ሁለተኛ ገዛሁ፣ አሁንም እዚያው። በመጨረሻ ጥፋቱ የፕሮፔለሩ ሳይሆን የሞተሩ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ታስሮ ነበር። ቁልፍ፣ አራት ብሎንና አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚፈልገው። እናንተ በእኔ ኪስ ተማሩ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ቅደም ተከተሉም ሆን ተብሎ ነው፤ ገንዘብ የማያስወጣው ነገር ይቀድማል።

መጀመሪያ፣ ምን እየሆነ እንደሆነ እንወቅ

ፕሮፔለር ውሃን ወደ ኋላ የሚገፋ ብቻ ይመስለናል። ግማሹ ነው እውነቱ። ክንፉ ሲዞር በአንድ ፊቱ ውሃውን ይገፋል፣ በሌላኛው ፊቱ ደግሞ ይስባል። በሚስበው በኩል ግፊቱ ይወርዳል። ጀልባዋን ወደፊት ከሚወስዳት ጉልበት ብዙው የሚመጣው ከዚህ ስበት ነው። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ግፊት የወረደበት ቦታ በአቅራቢያው ያገኘውን ሁሉ ይጎትታል። አየር የሚገባበት መንገድ ካገኘ አየሩን ይጠጣል። ውሃ ደግሞ ከአየር ከ800 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ክንፉ በውሃ ፋንታ አረፋ ሲያገኝ የሚይዘው ነገር ያጣል። ሸክም የቀለለለት ሞተር ዙሩ ይወነጨፋል፤ ጀልባዋ ደግሞ ትቆማለች።

ይህ ነው ቬንቲሌሽን የሚባለው። እኔ "አየር መጠጣት" እለዋለሁ።

አየሩ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከላይ፣ ከውሃው ገጽ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ የራሱ የሞተሩ ጭስ። አብዛኞቹ ዘመናዊ የጀልባ ሞተሮች ጭሳቸውን የሚያስወጡት በፕሮፔለሩ እምብርት መሃል ነው። ማርሚታቸው ውሃ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ጭሱ ከክንፎቹ ኋላ በሰላም ቢወጣ ችግር የለም። ወደ ፊት ተመልሶ ክንፎቹ ላይ ከደረሰ ግን ከአየር አይለይም። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ጀልባዋ ሰነፍ የምትሆነውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወደ ኋላ ሲዞር ፕሮፔለሩ ራሱ ያስወጣውን ጭስ መልሶ ይስባል። ስለዚህ ወደብ ስትጠጉ "ኋላ ማርሽ ያቆመኛል" ብላችሁ በፍጥነት አትምጡ።

ብዙ ሰው ይህን ነገር "ካቪቴሽን" ይለዋል። ሜካኒኮችም ይሉታል። ስህተት ነው። ካቪቴሽን ላይ የውጭ አየር የለበትም፤ ውሃው ራሱ ነው የሚፈላው። ግራ ይገባል አይደል? ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በግፊቱ ይወሰናል። ባሕር ዳር ላይ የሻይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 ገደማ ላይ የሚፈላው የከፍታው ግፊት ስላነሰ ነው። የክንፉ ጀርባ ላይ ደግሞ ግፊቱ እጅግ ከወረደ ቀዝቃዛ ውሃም ወደ እንፋሎት ይለወጣል። የእንፋሎቱ አረፋ ወዲያው ሲጨማደድ ብረቱን ይመታዋል፣ ይበላዋል። ክንፉ ላይ ዝገት የሚመስል ጥቃቅን ጉድጓድ ካያችሁ እሱ የካቪቴሽን ጥርስ ነው። ተርባይን የተገጠመላት የመጀመሪያዋ መርከብ ተርቢኒያ በ1894 (እ.ኤ.አ.) ስትሞከር የታሰበውን ፍጥነት ያጣችው በዚህ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ፓርሰንስ ሦስት ዘንግ አስገብቶ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ፕሮፔለር ደረደረ፤ ዘጠኝ መሆኑ ነው። በ1897 በንግሥት ቪክቶሪያ ክብረ በዓል ላይ 34 ኖት (በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ) በሚደርስ ፍጥነት የባሕር ኃይሉን መርከቦች እየቀደመች አስደነቀች። የእኛ ችግር ግን የፓርሰንስ አይደለም። የእኛ አየር ነው፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው።

ለምን ስንነሳ ብቻ ይብሳል?

ፈጣን ጀልባ ሁለት ኑሮ አላት። በዝግታ ስትሄድ ውሃውን እየሰነጠቀች፣ በክብደቷ ልክ ገፍታ ትሄዳለች። ፍጥነት ስታገኝ ደግሞ ወጥታ በውሃው ላይ ትንሸራተታለች። ይህን ሁለተኛውን "ፕሌን ላይ መውጣት" እንለዋለን። በሁለቱ መካከል አንድ ዳገት አለ። ጀልባዋ ራሷ የሠራችውን ማዕበል ነው የምትወጣው። አፍንጫዋ የሚቀናው፣ ጀርባዋ የሚሰምጠው ለዚህ ነው።

ዳገቱ ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥማል። ጀልባዋ ከፍተኛውን ግፊት የምትፈልገው እዚያ ነው። ፍጥነቷ ግን ገና ትንሽ ስለሆነ ወደ ፕሮፔለሩ በደንብ የሚፈስ ውሃ የለም። ክንፉ በጣም ተጨንቆ ይስባል፤ ሲጨነቅ ደግሞ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል፣ አየር የመጠጣት ፍላጎቱም ይበልጥ ይጨምራል። እንግዲህ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ አለቀ። ዳገቱ መሃል ላይ ትቆማላችሁ። አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ነዳጁ ይነዳል።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ አየር ነው?

ዙር ወጥቶ ፍጥነት የማይመጣበት ምክንያት ሌላም አለ። ቀድማችሁ ሁለቱን አጥሩ።

አንደኛው፣ የተጠቀለለ ነገር። ሞተሩን አጥፉ፣ የደህንነት ገመዱን (ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋውን) ንቀሉ፣ የሞተሩን እግር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ አንሱና ፕሮፔለሩን ተመልከቱ። ጣና ላይ እምቦጭ ከገባ ወዲህ ይህ የየዕለት ሥራ ሆኗል። እምቦጩ ክንፉ ላይ ከመጠቅለል አልፎ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበውን ወንፊትም ይደፍናል። የዓሣ መረብ ክርም አይታመንም። በፕሮፔለሩና በእግሩ መካከል ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይቱን የሚያሽገውን ጎማ ይቆርጣል። ክር ካገኛችሁ የእግሩን ዘይት አውጥታችሁ እዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ጉዞው እዚያው ይቅር።

ሁለተኛው፣ የተሸራተተ እምብርት። በብዙ ፕሮፔለሮች እምብርት ውስጥ ጎማ አለ። ድንጋይ ሲመታ ማርሹን እንዳይሰብር ጎማው ይሰጣል። ካረጀ ወይም ከተመታ ግን ዘንጉ ይዞራል፣ ክንፎቹ ይቀራሉ። ምልክቱ ከአየር መጠጣት ጋር አንድ ነው። መለያው ቀላል ነው። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጨኛው እምብርት ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ሐይቅ ላይ ወጥታችሁ ነዳጅ ስጡ፣ ተመልሳችሁ እዩ። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ሸሽቷል። ካልተሰበረ አየር ነው።

ጆሮም ይረዳል። ጎማ ሲሸራተት ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ይደጋግማል። አየር ግን ጠባይ አለው፤ መታጠፊያ ላይ፣ ማዕበል ላይ፣ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ ይመጣል፤ ነዳጅ ስትቀንሱ ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ትሪሙን አስገቡ

ትሪም ማለት የሞተሩ እግር ወደ ጀልባው የሚጠጋበት ወይም የሚርቅበት ማዕዘን ነው። ሞተሩን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ከተነሳችሁ ፕሮፔለሩ ወደ ላይ ያያል፣ ለውሃው ገጽም ይቀርባል። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ታች ይገፋል። ዳገቱን በገዛ እጃችሁ አረዘማችሁት ማለት ነው።

ስትነሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገቡት። ጀልባዋ ፕሌን ላይ ስትወጣ፣ ማለትም አፍንጫው ወርዶ ፍጥነቱ ሲቀልላት፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ አውጡ። መሪው ይቀልላል፣ ፍጥነቱ በአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጨምራል። አፍንጫው እንደ ፈረስ መዝለል ከጀመረ ወይም ዙሩ ያለ ፍጥነት ከወጣ አልፋችኋል፤ ትንሽ መልሱት። ከመታጠፋችሁ በፊትም መልሱት። መታጠፊያ ላይ ጀልባዋ ስለምታዘነብል ፕሮፔለሩ አንድ ወገን ከፍ ይላል፤ እዚያ የሚጠጣ አየር ተሳፋሪን ያስደነግጣል።

ትናንሾቹ ሞተሮች ላይ ቁልፍ የለም፤ በፒን የሚስተካከል ቀዳዳ ነው ያላቸው። እሱ ላይ ምርጫው አስቸጋሪ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ መርጣችሁ ለመነሻም ለመንገድም ትኖሩበታላችሁ። ጭነት የምታበዙ ከሆነ ወደ ውስጥ የቀረበውን ምረጡ።

ደረጃ 3፦ የሞተሩ ከፍታ

የእኔ ጥፋት እዚህ ነበር። ስለዚህ ታገሡኝ፣ ረዘም አደርገዋለሁ።

ከፕሮፔለሩ በላይ እግሩ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ሳህን አለ። ሥራው አየር ከላይ እንዳይወርድ ክዳን መሆን ነው። ብዙ ሰው "ፀረ ካቪቴሽን ሳህን" ይለዋል። ከላይ እንዳልኩት ስሙ የተሳሳተ ነው፤ ካቪቴሽንን የሚከለክልበት ምንም መንገድ የለውም። የሚከለክለው አየርን ነው።

ጀልባዋን መሬት ላይ አውጡ። ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ወይም የብረት ማስመሪያ ከጀልባዋ ሆድ በታች፣ መሃሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አስረዝሙት። ሞተሩን ቀጥ አድርጉት። ሳህኑ ከማስመሪያው ጋር እኩል ወይም እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን ለአብዛኞቹ የመንገደኛና የሽርሽር ጀልባዎች ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ክዳኑ ክዳንነቱን ያጣል። ከበታች ብዙ ከወረደ ደግሞ አየር አይጠጣም፣ ግን እግሩ ሁሉ ውሃ ይጎትታል፤ ፍጥነት ያንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ውሃው ወደ ላይ ይረጫል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ከግዢው ይጀምራል። የሞተር እግር በተለያየ ርዝመት ይመጣል፦ አጭሩ 38 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 64። ሞተሩ የሚታሰርበት የጀርባ ሳንቃም ከጫፉ እስከ ሆዱ ድረስ በዚያው ልክ መሆን አለበት። በባለ 51 ሳንቃ ላይ አጭር እግር ካሰራችሁ ትሪም ብታስገቡ፣ ፕሮፔለር ብትቀይሩ፣ ጸሎት ብታደርሱ አይነሳም። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ መጀመሪያ የምትይዙት ሜትር ይሁን።

ከፍታውን ለመቀየር፣ በብሎን የሚታሰሩ ሞተሮች ላይ ተደራራቢ ቀዳዳዎች አሉ። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀይሩ፣ ውጡ፣ ሞክሩ። ሁለት በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። ሞተሩን በደንብ ሳትደግፉ ብሎን አትፍቱ፤ የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እግር ላይ ሲወድቅ ቀልድ የለውም። በቀዳዳው ውስጥም ማሸጊያ ሳታደርጉ አትዝጉት፤ ሳንቃው ውሃ ከጠጣ ይበሰብሳል።

ማረጋገጫው ሐይቅ ላይ ነው። ፕሌን ላይ ወጥታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ፣ ሌላ ሰው መሪ ይዞ እናንተ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ሳህኑ ውሃው ላይ ሲንሸራተት ከታየ ጥሩ ነው። ጨርሶ ከተቀበረ ዝቅ ብሏል። አንድ ነገር አትርሱ፤ ሞተሩን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት ወንፊትም ከፍ ይላል። ከጎኑ የሚወጣው የውሃ ክር ከቀጠነ ወይም ከተቆራረጠ ወዲያው ዝቅ አድርጉት። አየር የሚጠጣ ፕሮፔለር ያናድዳል፤ አየር የሚጠጣ የማቀዝቀዣ ፓምፕ ግን ሞተር ያቃጥላል።

ደረጃ 4፦ ከፕሮፔለሩ ፊት ያለውን አጽዱ

ፕሮፔለሩ የሚያገኘው ውሃ በጀልባዋ ሆድ ስር አልፎ የመጣ ነው። መንገዱ ላይ የተተከለ ነገር ካለ ውሃውን ያናውጠዋል፣ አየርም ያስገባበታል። ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው። የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ጫፍ ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ተገጥሞ ከሆነ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን አርቁት። ሆዱ ላይ ያሉት ረጃጅም ጠርዞች ልክ ከሞተሩ ፊት ካለቁ አየር ያደርሱበታል። በብየዳ የተጠገነ የላሜራ ጀልባ ላይ ሳንቃው አጠገብ የቀረ የብየዳ ጉብታ ካለ በሞረድ አስተካክሉት። ሆዱ ላይ የበቀለ አልጌም ውሃውን ማናወጡ አይቀርም፤ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ፋቁት።

ደረጃ 5፦ አሁን ፕሮፔለሩን እዩ

እስከዚህ ድረስ አንድ ብር አላወጣችሁም። ችግሩ ካለ አሁን ኮፒሊያውን (ፍሬው እንዳይፈታ የሚቆልፈውን ሽቦ) አውጡ፣ ፍሬውን ፍቱ፣ ፕሮፔለሩን ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት።

የፊት ጠርዙ ድንጋይ በልቶት ከተቆራረጠ አየርን ይጋብዛል። ትናንሹን በሞረድ ማለስለስ ይቻላል። የተጣመመውን በመዶሻ አትምቱት፤ ሦስቱ ክንፎች እኩል ካልሆኑ ንዝረቱ ዘንጉን ይጨርሰዋል።

ከእምብርቱ ኋላ ጫፍ እንደ ደወል አፍ ሰፋ ያለ ቀለበት አለ። ውበት አይምሰላችሁ። ጭሱ ወደ ኋላ እንዲሄድና ወደ ክንፎቹ እንዳይመለስ የሚከለክለው እሱ ነው። ከተሰበረ ወይም ከተቀረጠፈ ሁሉን ነገር ብታስተካክሉም ፕሮፔለሩ የራሱን ጭስ ይጠጣል። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ክንፎቹ ደህና ስለሆኑ "ፕሮፔለሩ ምንም አልሆነም" ይባላል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር አለው ወይ? ያ ከንፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሞተሩንም ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንድታስሩ ያስችላል። አራት ክንፍ ነው ወይስ ሦስት? አራት ክንፍ መታጠፊያና ጭነት ላይ የተሻለ ይነክሳል፣ ቶሎም ያስነሳል፣ ከላይኛው ፍጥነት ግን ትንሽ ይቀንሳል። ሦስተኛው ፒቹ ነው፤ እሱ ለብቻው ይምጣ።

ደረጃ 6፦ ፒችና የሐይቁ ከፍታ፣ እንዲሁም ጥቂት አየር መልካም የሚሆንበት ቦታ

ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠንካራ ነገር ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ነው። በኢንች ይጻፋል። 13 ፒች ማለት በአንድ ዙር 13 ኢንች፣ ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃ ግን ጠንካራ ስላልሆነ ሁልጊዜ ጥቂት ይንሸራተታል።

መንሸራተቱን ራሳችሁ አስሉት። የሞተሩን ዙር በማርሹ ቁጥር (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በሚነግረው) አካፍሉ፣ በፒቹ አባዙ፣ ከዚያ በ0.001524 አባዙ። በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ለምሳሌ 5,400 ዙር፣ ማርሹ 2፣ ፒቹ 13 ከሆነ 53.5 ይመጣል። በስልካችሁ ጂፒኤስ 46 ካነበባችሁ ወደ 14 በመቶ ተንሸራቷል፤ ፕሌን ላይ ላለ ጀልባ ይህ ጤና ነው። 36 ካነበባችሁ ግን መንሸራተቱ ወደ 33 በመቶ ይሆናል፤ አየር አለ። ቁጥሩን የምትወስዱት ፕሌን ላይ ከወጣችሁ በኋላ ብቻ ነው። ስትነሱ መንሸራተቱ ምንጊዜም ብዙ ነው።

አሁን የከፍታውን ነገር እናምጣ። ጣና ከባሕር ወለል 1,788 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በጣና ላይ ወደ 18 በመቶ ይደርሳል። ባለ 40 ሞተራችሁ እዚህ የ33 ያህል ነው ማለት ነው። ፕሮፔለሩ ግን ይህን አያውቅም። ለባሕር ወለል ተብሎ የመጣው ፒች እዚህ ለሞተሩ ከባድ ማርሽ ይሆንበታል። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት እንደመነሳት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። አየር ሲጠጣ ሞተሩ ዙሩ ይወጣል። ማርሽ ሲከብደው ዙሩ አይወጣም። ሁለቱም "አይነሳም" ይባላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። የዙር መለኪያውን ሳያዩ ፕሮፔለር መግዛት ሙቀት ሳይለኩ መድኃኒት መዋጥ ነው። ፕሌን ላይ ወጥታችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስትሰጡ ዙሩ አምራቹ ከጻፈው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ለብዙ ሞተሮች ከ5,000 እስከ 6,000 ነው፤ የእናንተን መመሪያ እዩ። 4,700 ላይ ከቆመ ፒቹን ቀንሱ። አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ከ13 ወደ 11 ብትወርዱ 5,000 ትደርሳላችሁ ወይም ትንሽ ታልፋላችሁ።

አሁን ወደ ተገላቢጦሹ። ማርሽ የከበደው ሞተር ስትነሱ ዙሩ እንዲወጣ ትንሽ እንዲንሸራተት ብታደርጉትስ? አምራቾች ይህንኑ አስበውበታል። አንዳንድ ፕሮፔለሮች ከእያንዳንዱ ክንፍ ኋላ እምብርቱ ላይ አንድ አንድ ቀዳዳ አላቸው። ስትነሱ በዚያ ቀዳዳ ጥቂት ጭስ ሾልኮ ክንፉ ላይ ይደርሳል። ክንፉ በመጠኑ ይቀልለዋል፣ ሞተሩም ጉልበት ወዳለበት ዙር ይወጣል። ፍጥነት ሲመጣ በእምብርቱ ላይ የሚያልፈው ውሃ ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ክንፉም ሙሉ በሙሉ ይነክሳል። ብልህ ሥራ ነው፤ ያውም አንድም ተንቀሳቃሽ ዕቃ የለበትም። የሞተር አምራቹ ሜርኩሪ ቀዳዳቸው ልዩ ልዩ የሆኑ የፕላስቲክ ውታፎች ለዚሁ ይሸጣል። ውታፉን በመቀያየር አየሩን ትመጥናላችሁ።

ፕሮፔለራችሁ ቀዳዳ ከሌለው በመሰርሰሪያ መብሳት ይቻላል። ግን ፒቹን ሳታስተካክሉ አትሞክሩት። ከሞከራችሁም አሮጌ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ላይ፣ ከሦስቱ ክንፎች ኋላ በትክክል አንድ ቦታ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ጀምሩ። ቶርኖ ያለው ባለሙያ ቢለካላችሁ ይሻላል። ቀዳዳ ማስፋት ቀላል ነው፤ ማጥበብ የለም። ከመጠን ካለፈ ወደ መጀመሪያው ጩኸት ተመለሳችሁ።

ሳህኑ ላይ የሚታሰሩትን የፕላስቲክ ክንፎችም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጀርባውን ያነሳሉ፣ አፍንጫውን ያወርዳሉ፤ ከባድ ጀርባ ላላት ጀልባ ይጠቅማሉ። ሞተሩ ከፍ ብሎ የታሰረበትን ጥፋት ለመሸፈን ከሆነ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሳህናችሁንም ትበሱታላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሸክሙን አስተካክሉ፣ ከዚያ ለኩ

ሰው ሁሉ ኋላ ተቀምጦ፣ የነዳጅ ጄሪካኑም ኋላ ሆኖ አትነሱ። ጀርባው ሲሰምጥ ዳገቱ ይረዝማል። ሁለት ሰው ወደ መሃል አምጡ። ሁሉንም ወደ ፊት አታድርጉ፤ ጀርባው ከቀለለ ፕሮፔለሩ ወደ ገጹ ይወጣል፣ ትንሽ ማዕበል ሲመጣም አየር ይጠጣል። ከጀልባዋ ወለል በታች የተጠራቀመ ውሃ ካለም ቅዱት። እሱ ስትነሱ ሁሉም ተጠራርጎ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።

ለሙከራው ነፋስ የሌለበት ጠዋት ምረጡ። ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ቦታ ይሁን። የደህንነት ገመዱ እጃችሁ ላይ ይታሰር፣ ሁሉም የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ከቆማችሁበት እስከ ፕሌን ድረስ ያለውን ሰከንድ በስልክ ቁጠሩ። ከፍተኛውን ዙርና ፍጥነት መዝግቡ። በሁለቱም አቅጣጫ ሞክራችሁ አማካዩን ውሰዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ ፕሮፔለርና ከፍታ አንድ ቀን ላይ ቀይሬ የቱ እንደጠቀመኝ ሳላውቅ ሳምንት ባክኛለሁ።

መሃል ሐይቅ ላይ ቢያዝባችሁ

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ከደቅ ደሴት ስትመለሱ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያነሳት ፕሮፔለሩ ባዶ ሊዞር ይችላል። ያኔ የሁላችንም እጅ ነዳጅ መጨመር ይፈልጋል። አትጨምሩ። ፕሮፔለሩ የያዘውን አረፋ በማሽከርከር አይተፋውም። ነዳጁን እስከ ግማሽ ቀንሱ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ ድምፁ ወፈር ሲል ቀስ ብላችሁ መልሱ። ትሪሙን አስገቡ፣ ማዕበሉን በአግድም ሳይሆን በትንሽ ማዕዘን ያዙት። የውሃ ክሩ ከሞተሩ ጎን መውጣቱን እያያችሁ፣ ፕሌኑን ትታችሁ በዝግታ ወደ ባሕር ዳር ግቡ።